በሳምንቱ መሃል ስንጫወት ስታዲየሙ ለምን ባዶ ይሆናል? ቀኑ ነው፣ ሰዓቱ ነው ወይስ ቴሌቪዥኑ?

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ። እሁድ ሲሆን ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚጮኸው ደጋፊ ማክሰኞና ሐሙስ ሲሆን የት እንደሚገባ በቁም ነገር እንድንነጋገርበት ነው። ፕሪሚየር ሊጋችን ሐዋሳ ላይ በሚካሄድባቸው ሳምንታት ሐዋሳ ከተማም ሲዳማ ቡናም ከተማቸው ላይ ነው የሚጫወቱት። የረጅም መንገድ ድካም የለም፣ የአልጋ ወጪ የለም፣ ከቤት እስከ ሜዳ ባጃጅ ነው። ያም ሆኖ በሥራ ቀን 9 ሰዓት ላይ ጨዋታ ሲኖር ከሜዳው የሚሰማው የአሰልጣኞቹ ድምፅ ነው። በረኛው ተከላካዩን "ግራህን!" ሲለው በቴሌቪዥን ጥርት ብሎ ይሰማል። ባህር ዳርም፣ አዳማም፣ ድሬዳዋም ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

ሁሌ የሚሰጠው መልስ "ሰዉ የእንግሊዝ ኳስ ነው የሚወደው" የሚል ነው። ይሄ መልስ አይዋጥልኝም፤ ያው ሰው እሁድ ይመጣላ! ደጋፊ ማህበርም ሊጉን ለሚመራው አክሲዮን ማህበር ደብዳቤ ሲጽፍ "የጨዋታ ሰዓት ይስተካከልልን" ብሎ ብቻ ከጻፈ ሰሚ አያገኝም። ስለዚህ ሒሳቡን የምታውቁ፦ ከምክንያቶቹ የትኛው ነው የሚከብደው? እኛ ራሳችን ማስተካከል የምንችለው የቱ ነው? የሊጉን ውሳኔ የሚጠይቀውስ?


መርሐ ግብር

ከሰዓቱ በፊት ቀኑን እንይ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው።

የ2012 ውድድር በኮሮና ተሰርዞ በ2013 ሲጀመር፣ የዲኤስቲቪ ስርጭት መጣና ጨዋታዎቹ በአንድ ጊዜ በአንድ ከተማ ተሰብስበው መካሄድ ጀመሩ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በየተራ አስተናገዱ። ካሜራውን፣ ገመዱን፣ የስርጭት መኪናውን በየሳምንቱ በየከተማው መትከል ስለማይቻል ለስርጭቱ የሚመች አሠራር ነው። ለተመልካቹ ግን የሚያመጣውን መዘዝ በእርሳስ ማስላት ይቻላል።

ሊጉ 16 ክለብ አለው ብለን እናስላ፤ አንድ ዙር ማለት 8 ጨዋታ ነው። በአንድ ሜዳ በቀን 2 ጨዋታ ሲደረግ አንድ ዙር 4 ቀን ይፈጃል። ከዚያ አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጥና ቀጣዩ ዙር ይጀምራል እንበል። ስለዚህ ዙሩ የሚዞረው በየ5 ቀኑ ነው፤ ሳምንቱ የሚዞረው ደግሞ በየ7 ቀኑ ነው። ሁለቱ ተመልሰው የሚገጥሙት ከ35 ቀን በኋላ ነው። በነዚህ 35 ቀናት 7 ዙር፣ ማለትም 56 ጨዋታ ይካሄዳል። የዕረፍት ቀኑ ሰኞም ማክሰኞም እያለ ሁሉንም ቀን አንድ አንድ ጊዜ ይነካል። በ35 ቀን ውስጥ ካሉት 10 ቅዳሜና እሁዶች 2ቱ በዕረፍት ይበላሉ፣ 8 ይቀራሉ። በነሱ 16 ጨዋታ ይደረጋል። የቀሩት 40 ጨዋታዎች ከሰኞ እስከ ዓርብ ናቸው።

ከ56ቱ 40! ለአንድ ክለብ ደጋፊ ስንመነዝረው፣ ቡድኑ ከሚያደርጋቸው 7 ጨዋታዎች በአማካይ 2ቱን ብቻ ነው በዕረፍት ቀን የሚያየው። በድሮው የደርሶ መልስ አካሄድ፣ ክለቦች አንዱ ወደ ሌላው ከተማ እየሄዱ ሲጫወቱ፣ ጨዋታዎቹ በየሜዳው በአብዛኛው ቅዳሜና እሁድ ያልቁ ነበር፤ በሥራ ቀን የሚደረገው በአብዛኛው ተስተካካይ (በጊዜው ሳይደረግ የቀረ) ጨዋታ ነበር። ስለዚህ የሳምንት መሃል ጨዋታ ዱሮ ለየት ያለ ነገር ነበር፣ አሁን ዋናው ሆኗል። ደጋፊው አልተለወጠም። ቀኑ ነው ከሥሩ የተወሰደው።

ሌላም ነገር አለ። ደርሶ መልስ ሲሆን አንድ ክለብ ያላት ከተማ በዓመት 15 የሜዳዋ ጨዋታ ታያለች፤ በሁለት ሳምንት አንድ ቢሆን ነው። ሰው ቀን ቆጥሮ፣ ብር ቆጥቦ ይጠብቃል። በተሰበሰበው ውድድር ግን ያቺው ከተማ በ35 ቀን 56 ጨዋታ ታስተናግድና ከዚያ ለወራት ባዶዋን ትቀመጣለች። ማንም ደመወዝተኛ በአንድ ወር ያን ሁሉ ቀን ከሥራ ቀርቶ፣ ያን ሁሉ ቲኬት ገዝቶ አይችለውም። ስለዚህ መርጦ ይመጣል፤ የሚመርጠውም እሁድን ነው።


ካታንጋ

ወንድሜ መርሐ ግብር፣ ያልከው ልክ ነው። የአዲስ አበባ ክለቦችን ጉዳይ ልጨምርበት፤ ከሁሉም የከፋው እነሱ ጋ ነውና።

ጊዮርጊስና ቡና "ባለሜዳ" ተብለው የሚጻፉት ወረቀት ላይ ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ከተዘጋ ጀምሮ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ፣ ካታንጋ ብለን የምንጠራቸው የተመልካች ቦታዎቹ የነበራቸው ትልቅ ጥቅም ተረስቷል፤ ያ ሜዳ ለገሃር አጠገብ ነው፣ ከፒያሳም ከመርካቶም ከሜክሲኮም ሰው ከሥራ በእግሩ ይደርስበት ነበር። የሥራ ቀን ጨዋታ የሚሸከመው እንዲህ ያለ መሃል ከተማ ያለ ሜዳ ነው።

አሁን ጨዋታው አዳማ ከሆነ መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። 12 ሰዓት ለሚጀምር ጨዋታ በፈጣን መንገዱም ቢሆን ከአዲስ አበባ 9 ሰዓት ላይ መነሳት ግድ ነው፤ ከከተማው መውጣቱ ራሱ ጊዜ ይበላል። ጨዋታው 2 ሰዓት ሊሆን 5 ደቂቃ ሲቀረው ያልቃል፣ ሰዉ ተሰብስቦ አውቶቡሱ ሲነሳ 2 ተኩል፣ አዲስ አበባ 4 ሰዓት፣ ከዚያ በዚያ ሌሊት ወደ ሰፈር ታክሲ ፍለጋ። የግማሽ ቀን ፈቃድ ነው። ሐዋሳ ከሆነ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአንድ ቀን ፈቃድና አንድ አዳር። ባህር ዳርና ድሬዳዋ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ስለሆኑ በሥራ ቀን ደመወዝተኛ የሚሞክራቸው አይደሉም። ሸገር ደርቢ (የጊዮርጊስና የቡና ግጥሚያ) እንኳ ከሸገር ውጭ ረቡዕ ላይ ከወደቀ የሚያየው በአብዛኛው የአስተናጋጁ ከተማ ነዋሪ ነው።


ሐይቅ ዳር

ይሄ 40 ከ56 የሚለውን ደብዳቤው መጀመሪያ ላይ ነው የማስገባው። እስቲ ወደ ሰዓቱና ወደ ቴሌቪዥኑ እንምጣ። "ዲኤስቲቪ ቤት 12 ሰዓት ላይ ሞልቶ ስታዲየሙ ባዶ ነው" ለሚሉን ምን እንመልስ?


መርሐ ግብር

የአውሮፓውን ሰዓት ወደኛ ሰዓት ቀይራችሁ ብታስቀምጡት ነገሩ ግልብጥ ይላል። የእንግሊዝ ሊግ ከእኛ ጋር የሚጋጨው ቅዳሜና እሁድ እንጂ በሳምንቱ መሃል አይደለም።

ቅዳሜ በእንግሊዝ ከቀኑ 3 ሰዓት የሚጀመሩት ጨዋታዎች እኛ ጋ 11 ሰዓት ላይ ናቸው፤ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ እስከ መጋቢት አጋማሽ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 12 ሰዓት ይሆናሉ። እሁድ ደግሞ የመጀመሪያው 10 ወይም 11፣ ቀጣዩ 12 ተኩል ወይም 1 ተኩል። ከኛ የ9 እና የ12 ሰዓት ጨዋታዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ማለት ነው። የሻምፒዮንስ ሊግ ዋናው ጨዋታ ግን ማክሰኞና ረቡዕ ከሌሊቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። ቀደም ብሎ የሚደረገው እንኳ በብርዱ ወቅት 2 ሰዓት ከ45 ላይ ነው የሚጀምረው። 12 ሰዓት የጀመረ የኛ ጨዋታ 1 ሰዓት ከ55 ላይ ያልቃል፤ ስታዲየም የገባ ሰው ወጥቶ፣ እራት በልቶ ይደርሳል። የሚነካካው መስከረምና ጥቅምት ላይ ብቻ ነው፤ ያኔ ያ ቀደም ያለው ጨዋታ 1 ሰዓት ከ45 ላይ ይጀምራል።

እንግዲህ የውጭ ኳስ ቢሆን ኖሮ ሰው የሚጠፋው እሁድ ነበር። ሰው የሚጠፋው ግን ማክሰኞ ነው። ስለዚህ ጥፋተኛው ሌላ ነው፤ የሥራ ሰዓት ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠዋት ከ2 ተኩል እስከ 6 ተኩል፣ ከሰዓት ከ7 ተኩል እስከ 11 ተኩል ነው። የ9 ሰዓት ጨዋታ ሙሉ በሙሉ በሥራ ሰዓት ውስጥ ነው፤ 11 ሰዓት ሊሆን 5 ደቂቃ ሲቀረው ሲያልቅ ሠራተኛው ገና ወንበሩ ላይ ነው። 10 ሰዓት ቢደረግ ለውጥ የለውም፤ 11 ተኩል የወጣ ሰው የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓት ቢደርስ ነው። ብቸኛው የሚሠራ ሰዓት 12 እና ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ነው ፓውዛው የሚመጣው። 45፣ ዕረፍት 15፣ 45፣ የባከነ ሰዓት 10 ደቂቃ ብንል ጨዋታ 1 ሰዓት ከ55 ይፈጃል። በህዳር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው። ፓውዛ በሌለው ሜዳ ከ10 ሰዓት በኋላ ማስጀመር አይቻልም ማለት ነው፤ እሱም ከዳመነ ጭንቅ ነው። ፓውዛ የሌለው ሜዳ በሥራ ቀን ሠራተኛ ተመልካች አያገኝም። ቲኬት በነፃ ቢሰጥም አያገኝም፤ ሰዉ በአካል መምጣት አይችልማ። ወደ ደርሶ መልስ ይመለስ የሚሉ ወገኖች ይህችን ነገር አብረው ቢያስቡባት መልካም ነው፦ ተስተካካይ ጨዋታ መቼም አይቀርም፣ በየክልሉ ሜዳ ፓውዛ ካልቆመ ያ ጨዋታ ሁልጊዜ ባዶ ሜዳ ላይ ነው።


በር 3

ቀኑንም ሰዓቱንም ተናገራችሁ። 12 ሰዓት ቢሆንም የማይሞላበትን ምክንያት ግን በሩ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ነው የሚያውቀው።

እሁድ ሰው ከ9 ሰዓት ጀምሮ ተንጠባጥቦ ነው የሚገባው። በሥራ ቀን ግን ሁሉም 11 ተኩል ወጥቶ ሁሉም በአንዴ በር ላይ ይደርሳል። ፍተሻውን እንደ ውኃ ቧንቧ አስቡት። አንድን ሰው ፈትሾ ቲኬቱን ለማየት 10 ሰከንድ ከፈጀ፣ አንድ የፍተሻ መስመር በደቂቃ 6 ሰው፣ በሰዓት 360 ሰው ያስገባል። 6 መስመር ያለው ሜዳ በሰዓት 2,160 ነው። 3,000 ሰው እሁድ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢመጣ ያለ ሰልፍ ይገባል፣ ይተርፋልም። ያው 3,000 ሰው ረቡዕ ከ11:35 እስከ 12:05 ባለው ግማሽ ሰዓት ሲመጣ የሚገባው 1,080 ብቻ ነው። የቀረው 1,920 ውጭ ነው። እሱን ለማስገባት ሌላ 53 ደቂቃ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ሰው ወንበሩ ላይ ሲደርስ 1 ሰዓት ሊሆን ነው፤ የመጀመሪያው አጋማሽ አልቆ ተጫዋቾቹ ዕረፍት ላይ ናቸው። ይሄ ሰው በሚቀጥለው ረቡዕ አይመጣም። ጎል ሲገባ የአጥሩን ማዶ ጩኸት ሰምቶ "ማን አገባ?" ብሎ መጠየቅ በጣም ያማል።

ደግሞ የሥራ ቀን ተመልካች የያዘው ዕቃ ከእሁዱ የተለየ ነው። እሁድ ሰው ባንዲራና ስልክ ይዞ ነው የሚመጣው። ረቡዕ ግን ቦርሳ፣ ላፕቶፕ፣ ጃንጥላ፣ ምሳ ዕቃ ከነሹካው ይዞ ነው። ፈታሹ ሹካውን ሲያይ "ይሄ አይገባም" ይላል፣ ጃንጥላውን ሲያይ "ጫፉ ስለት ነው" ይላል። ሕጉ ትክክል ነው፤ ዕቃውን የት ያስቀምጠው ግን መልስ የለም። ሰውዬው የምሳ ዕቃውን ግንብ ሥር ትቶ እንዲገባ ነው የሚጠበቀው። ተከራክሮ ተከራክሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በክርክሩ መሃል ከኋላው ያሉት 20 ሰዎች ቆመዋል።

ይሄ የደጋፊ ማህበር በራሱ ከሜዳው አስተዳደርና ከፖሊስ ጋር ተነጋግሮ የሚያስተካክለው ነው። የሊጉን ውሳኔ አይጠብቅም፦

መጀመሪያ መስመሩን ለሁለት ክፈሉት፤ ቦርሳ የያዘና ያልያዘ። ቦርሳ የሌለውን መፈተሽ 5 ሰከንድ ቢፈጅ በዚያ መስመር ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱን ግን በር ላይ ሲደርሱ ሳይሆን ከ30 ሜትር በፊት በትልቅ ጽሑፍ አሳዩ፤ በር ላይ ደርሶ መስመር የሚቀይር ሰው ሁለቱንም መስመር ያቆማል።

ዕቃ ማስቀመጫ አዘጋጁ። ድንኳን፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ከ1 እስከ 300 ቁጥር የተጻፈባቸው ጥንድ ጥንድ ካርዶች፤ አንዱ ዕቃው ላይ ይታሰራል፣ አንዱ ለባለቤቱ ይሰጣል። ከጨዋታው በኋላ ሁሉም በአንዴ ስለሚመጣ ዕቃውን በቁጥር ቅደም ተከተል መሬት ላይ ደርድሩ እንጂ አትከምሩት። ላፕቶፕ አትቀበሉ፣ እሱ ከባለቤቱ ጋር ይግባ፤ ከጠፋ ማህበሩ አይከፍለውም።

ቲኬት በር ላይ አትሽጡ። መስኮት ላይ ብር ተቀብሎ መልስ ቆጥሮ ለመስጠት ከፍተሻው የበለጠ ጊዜ ይሄዳል፣ በተለይ ዝርዝር ከጠፋ። በቴሌብር ከፍሎ የመጣ ሰው በተለየ መስመር ይግባ። የማይችል ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ በከተማው ሁለት ሦስት ቦታ፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ ታክሲ በሚጠብቅበት አካባቢ፣ ይግዛ።

ሴት ፈታሽ ከአንድ በላይ ይኑር። አንዲት ፈታሽ ብቻ ካለች፣ ሴቶቹ ጥቂት ቢሆኑም ረጅሙ ሰልፍ የነሱ ይሆናል፣ አብሯቸው የመጣው ወንድም ውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

በመጨረሻ የ9 ሰዓቱና የ12 ሰዓቱ ጨዋታ በአንድ ቲኬት ይታይ። ስታዲየሙን 11 ሰዓት ላይ አስወጥቶ እንደገና ማስገባት በር ላይ ያለውን ጫና እጥፍ ያደርገዋል። ለጸጥታው የሚያሳስበው የአራት ክለብ ደጋፊ መቀላቀሉ ነው፤ ለየአንዳንዱ ክለብ የራሱ ጥግ ከተለየ ይፈታል። ለዚህ ግን የአክሲዮን ማህበሩና የፖሊስ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው ውስጥ አስገቡት።


ብርቱካናማ

ከድሬዳዋ ሁለት ነገር ልጨምር።

የኛ 9 ሰዓት ከሐዋሳው 9 ሰዓት ጋር አንድ አይደለም። ሙቀቱ ሰውን አይደለም ሳሩንም ያደክመዋል። ጥላ የሌለው የስታዲየም ክፍል በዚያ ሰዓት አይቀመጡበትም። ስለዚህ ለድሬ የማታው ጨዋታ ብቻ ነው ተመልካች ያለው። ፕሮግራም አውጪው ትልልቆቹን ጨዋታዎች እሁድ 9 ሰዓት ላይ ከሚያደርግ ማክሰኞ 12 ሰዓት ላይ ቢያደርግልን እንመርጣለን።

ረመዳን ሲሆን ግን ይሄ ይገለበጣል። 12 ሰዓት የጀመረ ጨዋታ ገና አጋማሹ ሳይደርስ የመግሪብ አዛን ይላል። የሚጾመው ሰው ኢፍጣሩን ትቶ አይመጣም፤ ፈታሹም፣ ኳስ አቀባዩም፣ ሜዳ ውስጥ ያለው ተጫዋችም የሚጾም አለ። በዚያ ወር የሚሻለው 10 ሰዓት ነው፤ 11:55 ያልቃል፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ፀሐይ ድሬ ላይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ከሩብ በኋላ ስለሆነ ለቅርብ ሰፈር ሰው ቤቱ ለመድረስ ይበቃል። ወይም ውድድሩ በዚያ ወር ወደ ሌላ ከተማ ይዙር።

ሌላው በዓላት ናቸው። በሥራ ቀን የሚውሉ የሕዝብ በዓላት አሉን፤ ሊጉ ለምን አይጠቀምባቸውም? በ2019 የአድዋ በዓል ማክሰኞ፣ የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27 ደግሞ ረቡዕ ይውላል። እነዚህ ሁለቱ በሳምንት መሃል የተገኙ እሁዶች ናቸው። ትልቁን ጨዋታ እዚያ ላይ አድርጉት። ጥምቀትን ግን ተዉት፤ ያን ቀን ከተማው ሁሉ ታቦት አጅቦ ነው የሚውለው፣ ፖሊሱም እዚያ ነው። የ2019 አድዋም በረመዳን ውስጥ ስለሚወድቅ ሰዓቱን ከላይ እንዳልኩት አስቡ።


ካታንጋ

አንድ ነገር ሳይነሳ እንዳያልፍ። ባዶ ስታዲየም የሚያሳስበው የቲኬት ብር የሚያስፈልገውን ክለብ ነው። አብዛኛው ክለባችን የሚኖረው በከተማ አስተዳደር ወይም በመሥሪያ ቤት በጀት ነው። በጀቱ 100 ሰው ቢገባም 10,000 ሰው ቢገባም ያው ነው። በ2016 ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ኢትዮጵያ መድን ሻምፒዮን ሆኑ፤ ኳሳቸው የሚመሰገን ነው፣ ዋንጫውም ይገባቸዋል። ግን እነዚህ የመሥሪያ ቤት ክለቦች ናቸው፣ ሰፈር ወይም ከተማ ሙሉ የሚከተላቸው አይደሉም። ሁለት የመሥሪያ ቤት ክለቦች ሐሙስ 9 ሰዓት ሲገናኙ ከተመልካች ምን ይጠበቃል?

ስለዚህ በጀት ሰጪው ለክለቡ "ስንት ሰው አስገባህ?" ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ ካልተበጀ የሰዓቱ ጉዳይ የደጋፊ ማህበር ልመና ሆኖ ይቀራል። ለምሳሌ ከበጀቱ ትንሽ ድርሻ ከገባው ተመልካች ቁጥር ጋር ቢያያዝ ክለቡ ራሱ 12 ሰዓትን ይጠይቃል፣ ክለቡ ራሱ ዕቃ ማስቀመጫ ድንኳን ይተክላል።


መርሐ ግብር

በዚህ በከፊል ነው የምስማማው። በጀቱ የሚለወጥበት ቀን ሩቅ ነው፣ የ9 ሰዓቱ ተመልካች ግን ዛሬም አለ፤ የሚጠራው ጠፋ እንጂ። ትምህርት ቤቶች በፈረቃ በሚያስተምሩበት ከተማ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ እኩለ ቀን ላይ ነፃ ነው። ውድድሩ አዳማ ወይም ጅማ ሲሆን ሜዳው ራሱ የዩኒቨርሲቲ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ተማሪ ከመኝታ ክፍሉ በእግሩ ይደርሳል። ለሱ ቀኑ ሳይሆን የፈተና ሳምንቱ ነው ችግሩ፤ ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን ካላንደር ከጨዋታ ፕሮግራሙ ጎን አስቀምጡ። ጡረተኞችና የማታ ሠራተኞችም አሉ። 9 ሰዓትን ለነዚህ በቅናሽ፣ 12 ሰዓትን ለሠራተኛው በሙሉ ዋጋ መሸጥ ይቻላል። ተማሪዎቹ ደግሞ በአስተማሪ ታጅበው፣ በአንድ በር፣ በአንድ ጥግ ይሁኑ፤ ከትልልቆቹ ደጋፊዎች መሃል አይግቡ።

ሐይቅ ዳር፣ ከደብዳቤው በፊት ግን ቆጠራ ያስፈልግሃል። ያለ ቁጥር የምትሄድ ከሆነ "ሕዝቡ ኳስ አይወድም" ብለው ይመልሱሃል።


ሐይቅ ዳር

ቆጠራውን እንዴት እንሥራው? የተሸጠው ቲኬት ቁጥር በየጊዜው አይሰጠንም።


በር 3

ቲኬቱን አትጠብቁ፣ ጭንቅላት ቁጠሩ። ሦስት ጊዜ ይቆጠራል፦ ጨዋታው ሲጀመር፣ 30ኛው ደቂቃ ላይ፣ ሁለተኛው አጋማሽ በተጀመረ በ10ኛው ደቂቃ። በዕረፍት ሰዓት አትቁጠሩ፤ ግማሹ ሰው ውኃና ቆሎ ሊገዛ ተነስቷል። በመጀመሪያውና በ30ኛው ደቂቃ መካከል ያለው ልዩነት በሩ ላይ የቆመውን ሰው ያሳያል። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ችግሩ የፍተሻው ነው፣ ትንሽ ሆኖ ስታዲየሙ ባዶ ከሆነ ግን ችግሩ የቀኑና የሰዓቱ ነው። ይሄ ልዩነት ነው ደብዳቤውን ለማን እንደምትጽፉ የሚነግራችሁ።

አቆጣጠሩ፦ ስታዲየሙን በደረጃዎቹ መውጫ መሃል በሚገኙ ክፍሎች ከፋፍሉ። ለያንዳንዱ ክፍል ስንት ረድፍ እንዳለና አንድ ረድፍ ስንት ሰው እንደሚይዝ አንዴ ባዶውን ሂዱና ለኩ። ወንበር የሌለው ግንብ ከሆነ ለአንድ ሰው ግማሽ ሜትር ያዙለት። ከዚያ በጨዋታው ቀን ሁለት ሰው ከተቃራኒ ጎን ቆመው ለየብቻ ይቁጠሩ፤ ልዩነታቸው ከ10 በመቶ ከበለጠ እንደገና ይቁጠሩ። ስልክ ላይ ፎቶ አንሱና አስቀምጡ፣ የሚከራከር ካለ ፎቶው ይቆጠራል።

ወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ የጀመረበትን ሰዓት፣ ተጋጣሚውን፣ ፕሮግራሙ ከስንት ቀን በፊት እንደተነገረ፣ ስንት የፍተሻ መስመር ክፍት እንደነበረ ጻፉ። ፕሮግራሙ መቼ እንደተነገረ የሚለውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ሦስት ቀን ሲቀረው የተለወጠ ጨዋታ ፈቃድ ለሚጠይቅ ሠራተኛ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ቢያንስ 10 ቀን ብላችሁ ጠይቁ።

ዝናቡን ከነሰዓቱ መዝግቡ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። 11 ሰዓት ላይ የወረደ ዝናብ የ12 ሰዓቱን ጨዋታ ባዶ ያደርገዋል፤ ሰዉ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሰማይ አይቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። 12 ተኩል ላይ የወረደ ግን ቁጥሩን አይቀንሰውም፤ ሰዉ ገብቷል፣ ላስቲኩን ተከናንቦ ያያል። "ዘነበ" ብሎ ብቻ የጻፈ ወረቀት ሁለቱን አይለይም።